«ማይ ስዊት ሎርድ»ን እንጫወተው ወይስ እንተወው? የጆርጅ ሃሪሰን ዘፈን ጸሎት ነው ወጥመድ?

ባለ ስድስት ክር (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ የጎጃም ልጆች። ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? ከትንሣኤ በኋላ ለምናቀርበው ሥራ ዘፈን እየመረጥን ሳለ ቡድናችን ለሁለት ተከፈለብኝና ፍርድ እንድትሰጡኝ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነን፤ እኔ በጊታር፣ አንድ ጓደኛዬ በቤዝ፣ አንዲት እኅታችን በድምፅ። ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ማታ እንጫወታለን። ከደንበኞቹ አንዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ቢትልስ በሚባለው የእንግሊዝ ባንድ የነበረውን የጆርጅ ሃሪሰንን «ማይ ስዊት ሎርድ» ብትጫወቱልኝ አሉን። ልምምድ ጀመርን። ድምፃዊቷ እስከ መሃሉ ድረስ ወደደችው፤ ከዚያ ማይክራፎኑን አስቀመጠችና «ይህን እኔ አልልም» አለች።

ለማያውቁት ላስረዳ። ግጥሙ አጭር ነው። ጌታዬ ላይህ እፈልጋለሁ፣ ከአንተ ጋር መሆን እፈልጋለሁ፣ ግን ጊዜው ይረዝማል ይላል፤ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ተቀባዮቹ ከኋላ «ሃሌ ሉያ» ይሉለታል። ቁልፉ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ካለ በኋላ ግን ተቀባዮቹ ዜማውን እንደያዙ ቃሉን ይለውጡታል። የሕንዶችን አምላክ ጠርተው «ሃሬ ክሪሽና» ይላሉ፣ «ሃሬ ራማ» ይከተላል፣ ሕንዶች ለመንፈሳዊ መምህራቸው ክብር የሚደግሙት የሳንስክሪት ጸሎትም ይገባል። እኅታችን የቆመችው እዚህ ላይ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት።

ስለ ሰውየው ያነበብኩትን ልጨምር፤ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሃሪሰን በ1943 ሊቨርፑል ተወለደ፤ እናቱ የአየርላንድ ዘር ያላት ካቶሊክ ስለነበረች እሱም ካቶሊክ ሆኖ ተጠመቀ። በ1966 ከሕንዳዊው ሙዚቀኛ ከራቪ ሻንካር ሲታር የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ሊማር ሕንድ ሄደ፤ በ1968 ከቢትልስ ጓደኞቹ ጋር ሪሺኬሽ ላይ ተመስጦ ተማረ። በ1969 ለንደን የነበሩ የክሪሽና ምእመናንን ዝማሬ ራሱ እየመራ በሸክላ አስቀረጸላቸው። ይህን ዘፈን የጀመረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከዴላኒ እና ቦኒ ቡድን ጋር እየዞረ ሳለ ኮፐንሃገን ላይ ነው። የኤድዊን ሆኪንስ መዘምራን ያሰሙት የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ልቡን ነክቶት ነበር። መጀመሪያ ለዘፋኙ ለቢሊ ፕሬስተን ሰጠው፤ ፕሬስተን በመስከረም 1970 አወጣው። የራሱ በኅዳር ወጣ፤ ሦስት ሸክላ ባለው አልበሙ ውስጥ። ቢትልስ ከፈረሰ በኋላ ከአራቱ አንዱ ብቻውን አሜሪካ ላይ አንደኛ ደረጃ የያዘበት የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈን ይኸው ነው።

አሁን ነገሩ የሚከርርበት ቦታ። በ1982 ከአንድ የክሪሽና መነኩሴ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ ሃሪሰን ያሰበውን በግልጽ ተናግሯል፦ ሃሌ ሉያና ሃሬ ክሪሽና አንድ መሆናቸውን ማሳየት ፈልጎ ነበር፤ ሃሌ ሉያን ያስቀደመው ሰው ምን እየሆነ እንዳለ ሳያውቅ የክሪሽናን ስም ሲጠራ እንዲገኝ ነው። በሌላ ንግግሩ ግን ይህን ዘፈን ማውጣቱ ራሱን በሕዝብ ፊት ማሰር መሆኑን ስላወቀ ብዙ እንዳመነታ ይናገራል። የሚያጠምድ ሰው ያመነታል? የሚጸልይ ሰውስ ያጠምዳል? እስቲ በሉ።

የአባይ ማዶ (ደጀን)

ወንድሜ፣ ሆቴል ውስጥ ነው የምትጫወቱት፤ ጉባኤ አልጠራችሁም። ሰውየው ከፍሎ ጥብስ እየበላ ነው። ተጫወቱለትና ይሂድ።

ዘዲማ (ቢቸና)

የአባይ ማዶ፣ ለአንተ ቀሏል። እኔ ዲማ ቅኔ ስቆጥር ያደግሁ ሰው ነኝና እንዲህ አልቆርጥም።

ገና ማንም ሳይለው ልቅደም፤ ይህ ውይይት ሦስት ገጽ ሳይሞላ «ሃሪሰን ሰምና ወርቅ ተቀኘ» የሚል ሰው ይመጣል። አልተቀኘም። ቅኔ ላይ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ያድራሉ። አንዱን ለማግኘት ሌላውን አትጥለውም፤ ቃሉ ሳይለወጥ አንተ ነህ የምትለወጠው። ሃሪሰን ያደረገው ሌላ ነው። አንዱን ቃል አንሥቶ በቦታው ሌላ ቃል አስቀመጠ። ዜማው ስላልተለወጠ ጆሮ አልነቃም እንጂ የተለወጠው ነገር በአደባባይ ነው የተለወጠው። የቅኔ መምህር ፊት ይህን ብታቀርብ የኔታ «ቤት አፍርሰሃል» ብለው ይመልሱሃል።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይከብዳል። ሃሌ ሉያ በእኛ ዘንድ ማንም እንደፈለገ የሚሞላው ባዶ ዕቃ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ድጓ ክፈቱ፤ «ሃሌ ሉያ ለአብ፣ ሃሌ ሉያ ለወልድ፣ ሃሌ ሉያ ለመንፈስ ቅዱስ» ይላል። የሚቀርብለት አካል በስሙ ተጠርቷል። መዘምራኑ ስንት ጊዜ እንደሚሉት እንኳ ሥርዓት አለው። ስለዚህ አንድ ሰው ሊቨርፑል ተወልዶ ሕንድ ሄዶ «ሁለቱም አንድ ናቸው» ሲለኝ የእሱን መሻት አከብራለሁ፤ ሃሌ ሉያዬን ግን አላውሰውም።

እኅታችን ልክ ናት።

እኅተ ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ዘዲማ፣ ያልከውን ስለ ሃሌ ሉያ እቀበላለሁ። ግን ሁላችሁም ተቀባዮቹን ብቻ እየሰማችሁ መሪውን ዘፋኝ ረሳችሁት። መሪው ከዳር እስከ ዳር የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ላይህ እፈልጋለሁ፣ ግን ረዘመብኝ።

ባለ ስድስት ክር ያልጠቀሰውን ልናገር። አልበሙ የተቀዳው ከግንቦት 1970 መጨረሻ ጀምሮ ነው። በዚያው ሐምሌ እናቱ ሉዊዝ በአንጎል ዕጢ ሞተች። ሃሪሰን በስቱዲዮውና በእናቱ አልጋ መካከል ሲመላለስ ነበር። ሴትዮዋ ለልጇ ሙዚቃ ከማንም በላይ የቆመች ነበረች፤ ለቢትልስ አድናቂዎች ደብዳቤ እየተቀመጠች መልስ የምትጽፍ እናት። እኔ ነርስ ነኝ። የሚሞት ወላጅ አጠገብ የሚቀመጥ ልጅ ምን እንደሚመስል በየሳምንቱ አያለሁ። መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቃል። ቀጥሎ መድኃኒቱን ይጠይቃል። ሌሊት ሲሆን፣ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን፣ ግንባሩን የአልጋው ብረት ላይ ያደርግና ማንንም ሳያይ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚለው ብዙ ቃል የለውም። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፣ እሱኑ ይደጋግማል።

ግጥሙ ከእናቱ ሕመም በፊት መጀመሩን አውቃለሁ፤ ለእናቱ ነው የጻፈው አላልኩም። ድምፁን ሲቀዳ ግን የነበረበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ዘፈኑን ስሰማ የምሰማውም ይህንኑ ነው።

ይህ ናፍቆት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በግእዙ ዳዊት 41ኛው መዝሙር ምን ይላል? ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ ነፍሴ ወደ አንተ ትናፍቃለች፤ የእግዚአብሔርን ፊት መቼ አያለሁ? 12ኛውስ? እስከ መቼ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ? ማየት መፈለግና መዘግየቱ ነው፤ ዳዊትም ከዚህ አላለፈም። ሃሪሰን ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት ጆሮው ውስጥ እንደነበረ አትጠራጠሩ።

ወጥመድ የሚለውን አልቀበልም። ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ዓላማውን አይናገርም፤ እሱ በአፉ ተናገረ።

ባለ ስድስት ክር (ባሕር ዳር)

እኅተ ማርቆስ፣ የተናገረው እኮ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ዓሣው ከተበላ በኋላ መንጠቆውን ማሳየት ምን ይጠቅማል?

ጡረተኛው መምህር (ሞጣ)

ልጆቼ፣ ምስክር ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ።

በ1963 በእኛ አቆጣጠር አሥመራ አስተማሪ ነበርኩ። ቃኘው የሚባለው የአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ እኛ ወጣት መምህራን ማታ ማታ እሱን ከፍተን ነበር ፈተና የምናርመው። ይህ ዘፈን ያኔ ቀን ከሌት ይነፋ ነበር። አብሮኝ የሚኖረው መምህር የደብረ ወርቅ ልጅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ድምጸ መልካም ዲያቆን ነበረ። ሃሌ ሉያውን ሲሰማ እርሳሱን ጣለ። «ፈረንጅ ንስሐ ገባ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዘፈኑ በመጣ ቁጥር ከተቀባዮቹ ጋር አብሮ ይል ነበር። ሃሌ ሉያውን ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ይላል! ምን እንደሆነ አላወቀም፤ እኔም አላወቅሁም፤ የእንግሊዝኛ ቃል መስሎን ነበር። ቃሉ ምን እንደሆነ የሰማሁት ከስንት ዘመን በኋላ ከልጄ ነው።

እንግዲህ የሰውየው ሐሳብ አሥመራ ድረስ ሠርቷል። እኅተ ማርቆስ፣ ልጄ፣ ስለ ናፍቆቱ ያልሽው እውነት ነው፤ ጓደኛዬ እርሳሱን የጣለው በናፍቆቱ ነው። ነገር ግን ሰው በናፍቆቱ ሲመጣ በሩን ሳይነግሩት ወደ ሌላ ቤት ማስገባት ደግ ሥራ አይደለም። ተቆጥቼ አይደለም የምለው። ዘፈኑን ዛሬም እወደዋለሁ።

የአባይ ማዶ (ደጀን)

መምህር፣ ከይቅርታ ጋር፣ ጓደኛዎ ሲኦል ይገባል ማለትዎ ነው?

ጡረተኛው መምህር (ሞጣ)

እኔ የሰው ነፍስ መዝገብ አልያዝኩም። ይልቅ አንተ ጥብስህን ብላ።

ክር አንድ (ዳንግላ)

ሁላችሁም ስለ ቃል ትከራከራላችሁ። ዘፈኑ የሚጸልየው በጊታሩ ነው ብዬ የማምን ሰው እኔ ብቻ ነኝ?

ማሲንቆ እጫወታለሁ። ይህን ዘፈን የሰማሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ መጀመሪያ የያዘኝ ያ የሚንሸራተተው ጊታር ነው። ሃሪሰን ጣቱ ላይ ቱቦ ያጠልቅና ክሩን ወደ ጊታሩ አንገት ሳይጫን ከላይ ከላይ ያንሸራትተዋል። የጊታር አንገት በብረት የተከፋፈለ ነው፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በቱቦ ስትጫወተው ግን ብረቶቹ ሥራ ይፈታሉ፤ በሁለት ድምፅ መካከል ያለው ሁሉ ይሰማል። ይህ የእኛ ሥራ ነው! ማሲንቆ አንገቱ ላይ ክፍልፋይ የለውም፤ ጣታችን የፈረስ ጭራውን ክር ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ለዚህ ነው ማሲንቆ የሚያለቅሰው።

ሃሪሰን በቱቦ መጫወት የያዘው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በዚያው በታኅሣሥ 1969 ጉዞ ላይ ነው፤ ይህን ዘፈን በጀመረበት። አዲሱ እጁና አዲሱ ጸሎቱ አብረው ተወለዱ። ያን ጊዜ 26 ዓመቱ ነው፤ በቢትልስ ውስጥ የሁለት ታላላቅ ዘፈን ጸሐፊዎች ታናሽ ሆኖ ኖሮ ዘፈኑን የሚያስገባበት ቦታ ሲለምን የነበረ ሰው ነው። በቃል የማይሞላውን በዚያ ቱቦ ሞላው።

ደግሞ ሥራውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ጊታሩ አንድ መስመር አይደለም፤ ሁለት ሆኖ ተቀድቶ እርስ በርሱ ይስማማል። ከኋላ ብዙ ተራ ጊታሮች አብረው ይመታሉ፤ ሰዎቹ ብዙ ናቸው፣ የሚሰሙት ግን እንደ አንድ ሆነው ነው። ፊል ስፔክተር የሚባለው አዘጋጅ የሚታወቀው በዚህ ድምፅ ማከማቸት ነው። ተቀባይ መዘምራኑስ? ሃሪሰን ራሱ ነው፤ ድምፁን ደራርቦ ቀድቶ ለቀልድ የመዘምራን ቡድን ስም አወጣለት። ስለዚህ «ተቀባዮቹ ቃል ለወጡ» ስትሉ ለራሱ የሚቀበለው ራሱ ነው። ብቻውን ሆኖ ነው ሃሌ ሉያ የሚለውም፣ ሃሬ ክሪሽና የሚለውም።

እኅተ ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

ክር አንድ፣ የመጨረሻውን ነጥብ አላውቅም ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያደገበትን ስምና ኋላ ያገኘውን ስም በአንድ አፍ ይጠራል ማለት ነው።

ጭብጥ (ፍኖተ ሰላም)

የሕግ ተማሪ ነኝ፤ እስካሁን ማንም ክሱን አለማንሣቱ ገርሞኛል። ይህ ዘፈን በሕግ ትምህርት ውስጥ ከሙዚቃ ትምህርት ባልተናነሰ ይጠቀሳል።

በ1971 ብራይት ቱንስ የሚባል የሙዚቃ ድርጅት ሃሪሰንን ከሰሰ። ዜማው ሺፎንስ የሚባሉ ልጃገረዶች በ1963 ከዘፈኑት፣ ሮኒ ማክ ከደረሰው «ሂ ኢዝ ሶ ፋይን» የተወሰደ ነው አለ። ጉዳዩ በ1976 ኒው ዮርክ ላይ ታየ። ዳኛው ሪቻርድ ኦወን ራሳቸው ሙዚቃ ደራሲ ነበሩና ዜማውን ቆራርጠው መረመሩት። በጥንቱ ዘፈን አንዱ አጭር ሐረግ አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ ቀጥሎ ሌላው ሐረግ አራት ጊዜ። በሃሪሰን ዘፈን የመጀመሪያው አራት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሦስት ጊዜ። ሁለተኛው ሐረግ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የማስጌጫ ድምፅ እንኳ በሁለቱም ዘፈኖች ተገኘች።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ሃሪሰን አስቦ አልሰረቀም፤ የሰማው ዜማ ሳያውቀው በአእምሮው ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ የራሱ መስሎት ወጣ። ሳያውቅ መውሰድም በሕግ መውሰድ ነው ተባለ። ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ የቀድሞው ሥራ አስኪያጁ አለን ክላይን፣ በክሱ መጀመሪያ ከእሱ ጎን የነበረው ሰው፣ በ1978 ከሳሹን ድርጅት በ587,000 ዶላር ገዛና ራሱ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። በ1981 ፍርድ ቤቱ በዚህ ማትረፍ አይገባህም ብሎ ሃሪሰን እሱኑ 587,000 ዶላር ብቻ እንዲከፍለው ወሰነ።

ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሃሪሰን ሰው ሳያውቅ የሌላ ጸሎት በአፉ እንዲገባ አሰበ። እሱ ራሱም ሳያውቅ የሌላ ዜማ በአፉ ገብቶ ተገኘ። እኔ ብሆን ከዚህ በኋላ ስለ ፍርድ አልጠራጠርም ነበር።

የአባይ ማዶ (ደጀን)

ይህ ልጅ ጠበቃ ሲሆን ከእሱ ጋር አልጣላም።

ዘዲማ (ቢቸና)

ጭብጥ፣ ጥሩ አድርገህ አመጣኸው። ነገር ግን ይህ ክስ ቅኔ ቤት ቢቀርብ ተገልብጦ ይፈረድ ነበር።

ቅኔ ቤት ዜማ የማንም አይደለም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እያንዳንዱ የሚዜምበት ልክ አስቀድሞ ተቀምጧል። ትናንት የሞተ ሊቅ ያዜመበትን ዛሬ ገና ጀማሪ የሆነ ተማሪ ያዜምበታል፤ ማንም ወሰድክ አይለውም። የራስህ መሆን ያለበት ቃሉና ምሥጢሩ ነው። የሰው ቅኔ ደግመህ ብታቀርብ ግን የኔታ ዓይንህን ሳያዩ ያውቁብሃል፤ ተማሪው ሁሉ እያየ ከጉባኤው ትነሣለህ። ራስህ የተቀኘኸውንም ቢሆን ዛሬ ያልከውን ነገ አትደግመውም፤ አዲስ ትቆጥራለህ።

በዚህ ሚዛን ሃሪሰን ከዜማው ክስ ነፃ ነው። ጥያቄው ቃሉ ላይ ነው። ቃሉ ደግሞ በግማሽ የዳዊት፣ በግማሽ የሕንዶቹ ነው። የእሱ የራሱ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ረዘመብኝ» ያለው። እኅተ ማርቆስ የያዘችው ይህን ነው፤ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። ሰው ፊት ካመነ በኋላ «ገና አላየሁህም» ብሎ መዝፈን ድፍረት ይጠይቃል። ብዙ ዘማሪ አየሁት፣ ዳሰስኩት ባይ ነው።

ጀማል ዘሞጣ (ሞጣ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ ለጾመኞችም። እኛ ሙስሊሞቹ ሌላ ጆሮ አለንና አንድ ቃል ልጨምር። መንዙማ ላይ መሪው ግጥሙን ይላል፤ ተቀባዩ ጀመዓ ግን አንዱኑ ሐረግ ይዞ ሰዓት ያልፋል። መደጋገሙ ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ አንተ ቃሉን ትለዋለህ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ቃሉ አንተን ይልሃል። ለዚህ ነው ምን እንደምትደጋግም አስቀድመህ ማወቅ ያለብህ። ዘዲማ በስሙ ላይ መጨነቁ ይገባኛል። እኛም ስም ላይ ቀልድ አናውቅም።

መምህር፣ ጎረቤቴ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ቡና ይጥሩኝ።

ጡረተኛው መምህር (ሞጣ)

ጀማል የእነ ማን ልጅ እንደሆንክ ገምቻለሁ። ነገ ከአሥር ሰዓት በኋላ ና።

እምቢ ባይዋ (ባሕር ዳር)

ማይክራፎኑን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ባለ ስድስት ክር ሳይነግረኝ ነው ይህን የከፈተው፤ ለእሱ ልምምድ ላይ መልስ አለኝ።

ስለ እኔ ብዙ ተባለ፤ ፈርታ ነው የሚል የለም፣ ቢሆንም እንዳይመስል ልንገራችሁ። ስሙን ብጠራ ሰማይ ይደፋብኛል ብዬ አይደለም። በሳምንት ብዙ ዘፈን እዘፍናለሁ፤ ከድቶኝ ያልሄደ ሰው ከዳኝ እላለሁ፣ አይቼው የማላውቀውን አገር ናፈቀኝ እላለሁ። ያ ዘፈን ነው፣ ሰሚውም ያውቀዋል።

ይህ ግን ሌላ ነው፤ እንዲሆን ያደረገውም እኔ አይደለሁም፣ ሃሪሰን ራሱ ነው። ሰውየው ይህን ቃል ካልኩ እታሰራለሁ ብሎ አመነታ፤ ከዚያ አለው፤ ከዚያ ታሰረበት። በ1973 ለንደን አቅራቢያ አንድ ትልቅ ቤት ገዝቶ ለክሪሽና ምእመናን ሰጠ። በታኅሣሥ 1999 መጨረሻ ሌሊት ቤቱ ሰው ሰብሮ ገብቶ በቢላ ሲመጣበት «ሃሬ ክሪሽና» ብሎ ጮኸበት፤ ሚስቱ ኦሊቪያ በብረት ደብድባ ነው ያዳነችው። በኅዳር 2001 በ58 ዓመቱ ሲሞት ቤተሰቡ ያወጣው መግለጫ እግዚአብሔርን እያሰበ፣ ሞትን ሳይፈራ፣ በሰላም ሄደ የሚል ነበር። ያን ቃል ሠላሳ ዓመት ኖረበት። በጥር 2002 ዘፈኑ እንግሊዝ አገር እንደገና ወጥቶ ዳግመኛ አንደኛ ሆነ።

እንግዲህ እኔ ያን ቃል በቅዳሜ ማታ ለእራት ማወራረጃ ልበለው? አላምንበትም። የማላምንበትን ጸሎት ቆንጆ አድርጌ ብዘፍነው እሱንም እሰድበዋለሁ፣ የራሴንም ሃሌ ሉያ አረክሰዋለሁ። ሃሌ ሉያውን ብቻ ልበልና የቀረውን ልቁረጠው ቢባል ደግሞ የሰውየውን ልብ ከመሃል መቁረጥ ነው። ጸሎት አይደለም ብትሉኝ ኖሮ እዘፍነው ነበር።

መምህር፣ ጓደኛዎ ሳያውቁ በልባቸው ያሉት ይቆጠርላቸዋል ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን አውቄዋለሁ።

እኅተ ማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

እኅቴ፣ ቃል የለኝም። ስሙን አትጥሪ። ግን ኒና ሲሞን በኅዳር 1971 ፎርት ዲክስ በሚባል የጦር ሰፈር፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በወታደሮች ፊት ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ያለችውን ፈልገሽ ስሚው። 18 ደቂቃ ነው። በመሃል ሌላ ግጥም አስገብታ መጨረሻው ላይ እግዚአብሔርን ራሱን ትከሰዋለች። እሷም የሌላ ሰው ጸሎት ነው የወሰደችው፤ የራሷን ንዴት ግን ይዛ ገባች። ምናልባት አንድ ቀን አንቺም የራስሽን ይዘሽ ትገቢበት ይሆናል። ምናልባትም አትገቢም።

ጭብጥ (ፍኖተ ሰላም)

ይግባኝ የለኝም።

ባለ ስድስት ክር (ባሕር ዳር)

እኔም የለኝም። ሽበቱ ሰውዬ ግን አሁንም እየጠበቁ ነው። ያለ ቃል በጊታር ብቻ ብንጫወተውስ? እኅታችን «ያን ተጫወቱት፣ እኔ ከዳር ቆሜ እሰማለሁ» ብላለች።

ዘዲማ (ቢቸና)

ያለ ቃል ከሆነ እኔ ምን አገባኝ። ዜማ የማንም አይደለም ብያለሁ።

ጡረተኛው መምህር (ሞጣ)

እኔ ደግሞ ያለ ቃል አይጥመኝም። ግን አዛውንት ሁሉን አያገኝም።

ባለ ስድስት ክር (ባሕር ዳር)

ችግሩ እኔ በቱቦ መጫወት አልችልም። ሞክሬ ድመት ያረድኩ አስመሰልኩት። ክር አንድ፣ ያንን መስመር በማሲንቆ ትይዝልን ይሆን? ቁልፉ ከኢ ተነሥቶ መሃል ላይ አንድ ሙሉ ድምፅ ይወጣል። ማሲንቆ ዘፈን መሃል እንደገና መቃኘት አይቻልም ብዬ ፈርቻለሁ።

ክር አንድ (ዳንግላ)

መቃኘት አያስፈልግም። ክሩን በመጀመሪያው ቁልፍ እቃኘውና ከፍ ሲል ጣቴን ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ ባዶውን ክር አለመንካት ብቻ ነው። ሁለቱን የጊታር መስመሮች ግን በአንድ ክር ልሰጥህ አልችልም፤ ከላይኛው ጋር እኔ እሄዳለሁ፣ የታችኛውን አንተ በጊታርህ ተከተለኝ፤ ድምፁን ጎትተው እንጂ አትምታው። ደጋኑን ዕጣን መቀባት ስላለብኝ ከሥራው አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ መድረስ አለብኝ። ወደ ዳንግላ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ማታ ስለማይመልሰኝ ማደሪያ ፈልጉልኝ፤ ቁርሱን ራሴ እችላለሁ።